የፈረስ ስም፦ ውዳሴ ለግርማ በየነ

እኛ ጀግናን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ነበሩ። በግብር አዳራሽ ሲፎከር፣ በዘመቻ ሲሸለል አፍ ላይ የሚቀድመው አባት ያወጣው፣ ካህን ያጠመቀው ስም አልነበረም። ከታች ሆኖ የተሸከመው፣ አቀበቱን አብሮ ያለከለከ፣ ባሩድ ሲጨስ ያላፈገፈገው የፈረሱ ስም ነበር። አያቶቻችን ይህን ለጌጥ ብቻ ያደረጉት አይመስለኝም። ጋላቢ ያለ ፈረስ ምን እንደሚመስል አሳምረው ያውቁ ነበር።

ዘፈን ላይ ስንደርስ ግን ይህ ወግ ከእጃችን አመለጠ። የጥላሁን ዘፈን፣ የብዙነሽ ዘፈን፣ የማህሙድ ዘፈን እንላለን፤ ጋላቢው ይታወቃል። ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ደረሰው የሚል ጠያቂም ከስንት አንዴ ይገኛል። ቅንብሩስ? ጡሩምባው በየትኛው ስንኝ ጫፍ ላይ እንደሚነሣ፣ ሳክስፎኑ የት ላይ አፉን እንደሚዘጋ፣ ቤዝ ጊታሩ ከከበሮው ጋር በየት በኩል ዞሮ እንደሚገናኝ የቆረጠው ሰው ማነው? ስሙ ሸክላው ላይ ከሰፈረም የሚሰፍረው በትንንሽ ፊደል፣ ከመሀለኛዋ ቀዳዳ አጠገብ፣ ሸክላውን ስናነሣ አውራ ጣታችን በሚያርፍበት ቦታ ነው።

ዛሬ አውራ ጣቴን አነሣለሁ። ከሥሩ የተሸፈነው ስም እነሆ፦ ግርማ በየነ። ፒያኖ ተጫዋች፣ ድምፃዊ፣ ገጣሚ፣ የዜማ ደራሲ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አቀናባሪ፤ የአዲስ አበባ ሌሊቶች ባለ ግርማ፣ በመሣሪያዎች ሸንጎ መሀል ተቀምጦ ብይን የሚሰጥ በየነ። ስሙ ራሱ ቅኔ ሆኖ ሲገኝ ውዳሴ ጸሐፊ ምን ይጨምራል?

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከዚህ ወዲያ ጋሽ ግርማን አንቱ እላለሁ። ዘፋኞቻችንን አንቱ ማለት አልለመደብንም፤ ጥላሁን ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው፣ አስቴር አንቺ ናት። ቤታችን ገብተው አብረውን አልቅሰዋል፣ ሰርጋችን ላይ ዘፍነዋል፣ በስካራችንም በጾማችንም ያውቁናል፤ አንቱታ በመሀላችን የሚበቅልበት ቦታ አላገኘም። ጋሽ ግርማ ግን እዚያው ቤት፣ እዚያው ሳሎን፣ እዚያው ሰርግ ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተቀምጠው ማን እንደሆኑ ሳንጠይቃቸው ኖርን። እንግዳ አንቱ ይባላል። የእኔ አንቱታ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ይቅርታ ነው።

ዘመኑን ባጭሩ ላንሣ። ዘመናዊ ሙዚቃ በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ልጅ ነበር። ክብር ዘበኛ የራሱ ባንድ ነበረው፣ ጦር ሠራዊት ነበረው፣ ፖሊስ ነበረው፣ ማዘጋጃ ቤት ነበረው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ፣ አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ያሠለጥኑና ያቀናብሩ ነበር። ሙዚቀኛው ዩኒፎርም ለባሽ፣ ደመወዝተኛ፣ ሲጠፋም የሚታሰር ሰው ነበር። ኋላ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች የየራሳቸውን ባንድ ማቆም ጀመሩ፤ አጭር ቀሚስና ጠባብ ሱሪ የለበሰው ወጣት ከሰልፍ ሙዚቃ ሌላ ነገር ጠየቀ። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት አገር አመሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት በ1969 እ.ኤ.አ. «እኔም አሳትማለሁ» ብሎ ተነሣ። ሸክላው ሕንድ ድረስ ሄዶ ታትሞ መጣ። የበኩር ድምፁ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። አብዮቱ መጥቶ አመሃ በ1975 እ.ኤ.አ. አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች፣ ደርዘን የሚያህሉ ረጃጅም ሸክላዎችም ወጡ። በዚያ ዘመን ሸክላዎች ላይ ከ60 የሚበልጡ ዘፈኖች በግርማ በየነ ቅንብር የተሠሩ ናቸው። አቀናባሪ ተብሎ በዚያ ዘመን ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቆም ሌላ ሰው ፈልግ ብትሉኝ ብዙ አልደክምም፤ ሁለቱ ይበቁኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸሸውን ቃል ልጥራ፤ ገበያ። ውዳሴ ጸሐፊዎች ስለ ሙዚቃ ስንጽፍ ስለ መንፈስ፣ ስለ ባህል፣ ስለ ቅርስ እናወራለን እንጂ ስለ መሸጥና መለወጥ መናገር ነውር ይመስለናል። ጋሽ ግርማ የሠሩት ግን የሚሸጥ ሙዚቃ ነው። ሸክላው ካልተሸጠ ቀጣዩ ሸክላ የለም፤ የባንዱ ሰዎች አበል የለም፤ ሕንድ የሚላክ ነገርም የለም። የሸክላው አንድ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይይዛል። በዚያች ጠባብ አውድማ ላይ መግቢያውን መዝራት፣ ዘፋኙን ማስገባት፣ በመሀል ትንፋሾቹን ማስጨፈር፣ መልሶ ማስገባት፣ መዝጋት! ይህን የምመስለው በጉባኤ ቃና ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ከቅኔዎች ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ተማሪው ቅኔ ሲጀምር በእሱ ይጀምራል፤ ሊቁ ግን ሲሸመግል እሱን ይፈራል፤ መደበቂያ የለውማ። ባለ 45 ዙር ሸክላም እንደዚያው ነው፤ ያልበሰለ ነገር የሚሸሸግበት ጥግ የለውም። ሻጩ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰከንዶች ያስደምጣል፤ ገዢው ቆሞ ያዳምጣል ወይም ይሄዳል። አሥሯን ሰከንድ የሚሠራው ዘፋኙ አይደለም፤ ገና አፉን አልከፈተም። አቀናባሪው ነው።

ሙያው እንዴት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ቀረብ አድርጌ ላሳይ። ዘፋኙ መጥቶ ዜማውን ያንጎራጉራል። ዜማው በአምስት ድምፅ የቆመ ነው፤ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አንቺ ሆዬ ይሁን አምባሰል። አቀናባሪው ፒያኖው ላይ ይቀመጣል። በፊቱ ያለው መሣሪያ አሥራ ሁለት ድምፅ ይዞ የተወለደ፣ ኮርድ እየደራረበ የሚኖር የፈረንጅ ልጅ ነው። አምባሰልን እንውሰድ። ፈረንጅ ኮርድን ብሩህ ወይም ጥቁር የሚያደርገው ከመነሻው ሦስተኛ በሆነው ድምፅ ነው፤ አምባሰል ደግሞ ያንን ድምፅ ጨርሶ የለውም። ጎበዝ ተማሪ ነኝ ብሎ የጎደለውን ድምፅ ከሰጠው ኮርዱ ይሞላል፣ አምባሰል ግን ይሞታል፤ ዘፋኙ ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር እንደተሰነቀረ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ኮርዱን ሙሉ በሙሉ ከተወው ደግሞ ገዢው የለመደው የዘመኑ ውፍረት አይኖርም። ታዲያ ምን ይደረግ? ጥበቡ ያለው እዚያች ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው፤ ባዶውን ባዶ አድርጎ መተው፣ በዙሪያው ግን ትንፋሾቹን እንደ አጥር ማጠር፣ ቤዙን ከሥር እንደ ምሰሶ ማቆም። ቅንብር የሚለው ቃል ለጆሮዬ ቀንበርን ያስታውሰኛል። ሁለት በሬዎች የሚጠመዱት እኩል ስለሆኑ አይደለም፤ አራሹ እኩል እንዲሄዱ ስለሚያደርጋቸው ነው።

የመልክእ ደራሲ ቅዱሱን ሲያመሰግን ከራስ ጠጉሩ ተነሥቶ እስከ እግሩ ጥፍር እየወረደ ለእያንዳንዱ አካል ሰላምታ ያቀርባል። እኔ ደብተራ አይደለሁም፤ ጋሽ ግርማም ጻድቅ ነኝ አላሉም። ከዚያ ወግ ግን ሦስት ሰላምታ ልዋስ።

ሰላም ለጆሮዎ፤ በአንድ ወገን ከባሕር ማዶ በሬዲዮና በሸክላ የመጣውን የሶልና የሮክ ጎርፍ ለሰማው፣ በሌላ ወገን የማሲንቆውን ክር ላልረሳው፣ ሁለቱን በአንድ ቋት ሲያስገባ ውኃና ዘይት ሆነው ላልተለያዩበት ጆሮ።

ሰላም ለግራ እጅዎ፤ ቀኙ ሲንቆጠቆጥ፣ ሲያጌጥ፣ ጭብጨባ ሲቀበል፣ እሱ ከቤዝ ጊታሩ ጋር ሆኖ ወለሉን ለሚያነጥፈው፣ ጨፋሪው እግሩን በምን ላይ እንደሚያሳርፍ ሳይነገረው እንዲያውቅ ለሚያደርገው ግራ እጅ።

ሰላም ለላጲስዎ። አዎ፣ ለላጲስ። አቀናባሪ በሚጽፈው አይለካም፤ ማንም ይጽፋል። ስድስት ትንፋሽ ተጫዋች ክፍያ እየጠበቀ ተቀምጦ ሳለ፣ «እዚህ ጋ ማንም አይንፋ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። በእርስዎ ቅንብሮች ውስጥ ድምፃዊው ስንኙን ሲጨርስ የምትሰማው ያቺ የትንፋሽ መውሰጃ፣ ያቺ የእህል ፍሬ የምታህል ዝምታ፣ ከጡሩምባው ሁሉ የምትበልጥብኝ እሷ ናት።

አሁን ስለ ዓለማየሁ። ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣው፣ በአለባበሱና በአቀራረቡ የሐበሻው ኤልቪስ፣ በጩኸቱና በእግሩ የሐበሻው ጄምስ ብራውን የተባለው ዓለማየሁ እሸቴ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ አገር አለቀሰለት፤ ይገባዋል። በወጣትነቱ ከግርማ በየነ ጋር ሆኖ ያቆመው ባንድ «ዓለም ግርማ» ይባል ነበር። ስሙን አስተውሉት። በሙያችን ታሪክ ጋላቢና ፈረስ በአንድ ስም ውስጥ እኩል የተቀመጡበት እንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ አላውቅም። ዓለማየሁን ስሙት፤ ይጮኻል፣ ያቃስታል፣ ይሰብራል፣ ከስልቱ ወጥቶ ሊወድቅ ነው ስትሉ ከሥሩ ትንፋሾቹ ደርሰው ይቀበሉታል። ተመልካች ድፍረቱን ያደንቃል። ድፍረት የሚመጣው ግን የሚወድቅበት ቦታ ለስላሳ መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ነው፤ ሣሩን ያነጠፉት ጋሽ ግርማ ናቸው።

ይህን ሙዚቃ «ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል» የሚሉ ሰዎች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ውዳሴ ነውና ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ አንዳንዱ ቅንብር እውነትም ይላል። ጊታሩ የሜምፊስ፣ ትንፋሹ የዲትሮይት የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዴም የአማርኛው ግጥም በተውሶ ካፖርት ውስጥ እጅጌው ረዝሞበት ይታየኛል። ግን ካፖርቱን የለበሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የደብረ ብርሃን ገበሬ ካኪ ሲለብስ ገበሬነቱን አልተወም። ስልቱ ተውሶ ቢሆንም ሐዘኑ የእኛ ነው፤ ከዚህም በላይ ቅኝቱ ሳይሰበር አልፏል። ፈረንጆቹ ራሳቸው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህን ድምፅ ሲሰሙት «ይህ የእኛ ነው» አላሉም፤ ከየት እንደመጣ ነው የጠየቁት።

ስለ ራሳቸው ድምፅ ብዙ አልልም፤ እሳቸውም ብዙ አላሉበትም። በዚያ ዘመን በገዛ ድምፃቸው ያስቀረጿቸው ዘፈኖች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» የሚለውን የሰማ ሰው ግን አንድ ነገር ይገባዋል። እኚህ ሰው ዘፋኝ መሆን ሳይችሉ ቀርተው አይደለም አቀናባሪ የሆኑት። ድምፃቸው ለስለስ ያለ፣ ከመድረኩ ፊት ይልቅ ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጠ፣ ለአንድ ሰው የሚናገር ድምፅ ነው። ሊጋልቡ ይችሉ ነበር። ፈረስ መሆንን መረጡ።

ከዚያም ፈረሱ ያለ ጋላቢ ወጣ።

ፒያሳ ገና ሳትፈርስ፣ ቁልቁለቱ ላይ አሮጌ ሸክላና ካሴት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ነበረች። አንድ የክረምት ከሰዓት ዝናብ ሸሽቼ ገባሁ። ሽማግሌው የቴፑን አፍ ከፍተው ጭንቅላቱን ጥጥ በጠቀለሉበት እንጨት ቀስ አድርገው ይጠርጋሉ፤ ጥጡ ቡና መስሎ ወጣ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጥጡን አዩት፣ ጣሉት፣ ሌላ ጠቀለሉ። ከዚያ አንድ ሽፋኑ የጠፋ ካሴት አስገቡና ቁልፉን ተጫኑት። ቤዙ ተንከባለለ። ትንፋሾቹ ያንን አጭር አጭር የሚቆርጥ፣ ወደፊት እየገፋ በመሀል ቆም የሚል ሐረጋቸውን ጣሉ፤ ኦርጋኑ ገባ። ውጭ ዝናብ የሸሹ ሁለት የሊስትሮ ልጆች በረንዳው ላይ ቆመው ነበር፤ አንደኛው የሣጥኑን ክዳን በብሩሹ ጀርባ ይመታ ጀመር፤ አንዲት ምት አልሳተም። «አባባ፣ ማነው ይሄ?» አልኩ፣ ባውቅም። «ዋልያስ ነዋ! ሙዚቃዊ ስልት።» «ዜማውስ የማን ነው?» ሽማግሌው እንደ ሞኝ አዩኝ። «ኧረ ልጄ፣ የማን ይሆናል? የባንዱ ነዋ!»

የግርማ በየነ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሱት እሳቸው ናቸው። ዋልያስ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ. «ቼ በለው» በሚለው አልበሙ ውስጥ ተጫወተው፤ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ባሉበት። ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ድምፃዊ የሌለበት አልበም በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። አልበሙም ስሙን ከግልቢያ መውሰዱን ያየሁት ይህን ጽሑፍ ስጀምር ነው፤ ቼ በለው! ፈረስ እንጂ ሰው ቼ አይባልም።

ዘመኑን አስታውሱ። አብዮት ነው፤ ሌሊት ሰዓት እላፊ ነው፤ ከምሽቱ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ቤቱ ላይገባ ይችላል። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር፤ ታዳሚው አንዴ ከገባ እስኪነጋ መውጫ የለውምና ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ግጥም በሳንሱር ወንፊት በሚነፋበት፣ አንዲት ቃል ሰውን በምታስጠይቅበት ጊዜ ቃል የሌለው ዜማ ወጣ። ሳንሱር ጡሩምባን ምን ብሎ ይፈትሻል? «ሙዚቃዊ ስልት» ውስጥ የሚያለቅስ የለም፣ የሚፎክር የለም፣ የሚማጸን የለም። የሚሄድ ነገር ብቻ አለ፤ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ልጓሙን ነክሶ፣ በልኩ የሚሄድ። ስልት ማለት ምት ነው፤ ሰሙ ይህ ነው። ስልት ማለት ደግሞ ዘዴ ነው፣ የማለፊያ ብልሃት ነው። ወርቁን እንግዲህ በዚያ ሌሊት ሂልተን ውስጥ ንጋትን የጠበቁ ሰዎች ይቁጠሩት።

ያ ዜማ ከዚያ ወዲያ ፓስፖርት ሳይጠይቅ ዓለምን ዞረ። በ1998 እ.ኤ.አ. ዘ ዳክታሪስ የሚባል የኒው ዮርክ ባንድ በሸክላ አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ በየአህጉሩ ስንት የትንፋሽ ቡድን እንዳነሣው መቁጠር ትቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ፣ በሬዲዮ ፕሮግራም መግቢያ፣ በሰርግ ቪዲዮ ጀርባ ይሰማል። ብዙዎች ስሙን ሳያውቁት ያፏጩታል።

የደራሲው መንገድ ግን ሌላ ሆነ። በ1981 እ.ኤ.አ. ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከዘመናዊ ባንዶቻችን ያንን ባሕር የተሻገረ የመጀመሪያው ነበር። አዳራሹን የሞላው በአብዛኛው አገሩን ጥሎ የወጣ ሐበሻ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ አራቱ አልተመለሱም፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬ፣ ግርማ በየነ። ዙላ ባንድ የሚል ስም ይዘው ተጫወቱ። ከዚያ ዝምታው መጣ።

ስለዚህ ዝምታ በእርጋታ መናገር እፈልጋለሁ። ድምፃዊ ስደት ሲሄድ ጉሮሮውን ይዞ ይሄዳል፤ በልደት በዓል፣ በምግብ ቤት፣ በእድር ስብሰባ ሳይቀር ይዘፍናል፤ «ዝፈንልን» የሚለው አያጣም። ክራር ደርዳሪ ክራሩን ብብቱ ሥር ይዞ ይሄዳል። አቀናባሪ ምን ይይዛል? የእሱ መሣሪያ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሁለት ጡሩምባ፣ ሁለት ሳክስፎን፣ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ጊታር፤ የሚተዋወቁ፣ የሚቀላለዱ፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው የሚሸፍንለት ሰዎች። ኪቦርድ ገብቶ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጣት ተክቶ በነበረበት ዘመን፣ በባዕድ ከተማ፣ «ቅንብር ሥሩልን» የሚል ማን ነበር? ጋሽ ግርማ ለኑሮ ከሙዚቃ ርቀው ሠርተዋል፤ ፒያኖው ለረጅም ዘመን ተዘግቶ ኖሯል። በዚያ መሀል አዲስ አበባም ሳትጠይቃቸው፣ ዋሽንግተንም ሳትጠይቃቸው፣ ዜማቸው ብቻውን በየበረሃው ሲጋልብ ነበር። ይህ ቅሬታ ለማንም የምወረውረው አይደለም፤ እኔም ከሽማግሌው ሱቅ በፊት ስማቸውን በዘፈቀደ ነበር የማውቀው።

ትንንሾቹን ፊደሎች አጉልቶ የጻፋቸው፣ ትንሽ ቢያሳፍረኝም ልናገረው፣ ፈረንሳዊ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. «ኢትዮፒክስ» የሚለውን ተከታታይ አልበም ማውጣት ሲጀምር፣ በየቡክሌቱ የአቀናባሪውን ስም ከዘፋኙ ስም ጎን አተመው። ያን ጊዜ ነው አንዳንዶቻችን ቆጠራ የጀመርነው። ይህኛው የግርማ በየነ፣ ያኛውም የግርማ በየነ፣ ይኸኛውም? እሱም። የምንወዳቸው ዘፈኖች ግድግዳቸው በአንድ እጅ መለሰኑን ያወቅነው ቤቱ ውስጥ ኖረን ኖረን ነው።

ከዚያ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከታታዩ 30ኛ ቁጥር ወጣ። ሽፋኑ ላይ የጋላቢ ስም የለም። ግርማ በየነና አካለ ውቤ ይላል፤ አካለ ውቤ የእኛን ዘፈን ስም የወሰደ፣ ልጆቻቸው ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ያሉበት የፓሪስ ባንድ ነው። ሙሉ አልበም በስማቸው የቀረበው ያን ጊዜ ነበር፤ ድምፃቸው ጠጠር ብሏል፣ ዕድሜ ጠርዙን ሞርዶታል፣ ያ ጠረጴዛ አጠገብ የመቀመጥ ልማዱ ግን አልጠፋም። የአልበሙ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሆን ተብለው የተሠሩ ስህተቶች» ማለት ነው። ይህን ርእስ ለብዙ ቀን ይዤው ዞርኩ። ፒያኖ ተጫዋች አምባሰል ውስጥ ኮርዱን አጉድሎ ሲተወው፣ በመጽሐፉ ሕግ ስህተት ነው። ምቱ ላይ መውደቅ ያለበትን ትንፋሽ ከምቱ ኋላ አንድ ቅንጣት ማዘግየት ስህተት ነው። በደንብ የሚሸጥ ዘፈን መሀል ዝምታ ማስቀመጥ ለነጋዴው ስህተት ነው። ጋሽ ግርማ እነዚህን ስህተቶች አንድ በአንድ፣ እያወቁ፣ እየመረጡ ሠሯቸው። ቅኔ መምህር ተማሪው ሰዋስው አጣምሞ ሲመጣ ይቆጣል፤ ወርቁን ለማውጣት ብሎ ያጣመመው ከሆነ ግን «ይበል!» ይላል።

ይበል እላለሁ እንግዲህ። ይበል ለጣቶቹ፣ ይበል ለላጲሱ፣ ይበል ለዘገየው ጡሩምባ።

ውዳሴ ያለ ሽልማት ባዶ አፍ ነው ይላሉ። ካባ የለኝም፤ ላንቃም ጎራዴም የለኝም፤ ኒሻን የሚሰጥ ወንበር ላይም አልተቀመጥኩም። ያለኝ ከአያቶቼ የወረስኩት አንድ ወግ ነው። ለጀግና የፈረስ ስም ይወጣለታል። ለእኚህ ሰው ግን ከየትኛው ፈረስ ልዋስ? የተሸከሙት ብዙ ነው፤ የሠሩት ፈረስ ግን አንድ ነው የሚገዝፈው፤ ያ ያለ ጋላቢ የወጣው፣ ከሂልተን ጀምሮ ዓለምን የዞረው። ስሙም ተሰጥቶታል።

ደግሞም በፈረስ ስም የሚጠራ አንቱ አይባልም። በፉከራ ሜዳ ንጉሥ እንኳ አንተ ነው፤ ያ ስም ሲጠራ አጥር ይፈርሳል፣ እንግድነት ያበቃል። ስለዚህ እስካሁን ያቆየሁትን አንቱታ እዚህ ላይ አወርዳለሁ።

አባ ስልት! ፒያኖው ተከፍቷል። ከበሮው ተወጥሯል፤ ቤዙ ተቃኝቷል፤ ትንፋሾቹ ከንፈራቸውን አርሰው አንተን አንተን ያያሉ። ዘፋኙ ዛሬ ከኋላ ይቁም።

ቁጠርላቸው።